ፏፏቴ በክረምት፦ የሁለት ቀን የቤተሰብ ጉዞ ወደ ዌልስ

የልጆቻችሁን የትምህርት ቤት ደብተር ገልጣችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንድ ቀን ገልጬ ደነገጥኩ። ከፈረንጆቹ ገና ዕረፍት መልስ መምህራቸው «በዕረፍታችሁ የት ሄዳችሁ?» ብላ ጠይቃቸው፣ ያኔ 10 ዓመቱ የነበረው ልጄ ሥዕል ሥሏል። ሥዕሉ ላይ የጤፍ ጆንያ አለ። ጆንያው ላይ ቁጭ ብሎ ታብሌት የሚነካካ ልጅ አለ። ከሥሩ በእንግሊዝኛ «የእናቴ ሬስቶራንት» ይላል። በቃ፣ የልጄ ዕረፍት ጆንያ ላይ ነው ያለቀው።

ሬስቶራንት፣ ሱቅ፣ ኬር ሆም ወይም ታክሲ የምትሠሩ ይኼ ነገር ይገባችኋል። ሰው ሲያርፍ እኛ እንሠራለን። እኔ በ18 ዓመት የሬስቶራንት ሥራዬ ቤቱን ሁለት ቀን በተከታታይ ዘግቼ የማውቀው በኮቪድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን የዘጋው መንግሥት ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ማታ ደብተሩን ለባለቤቴ አሳየሁት። ዝም ብሎ ሲያየው ቆየና «ትልቋ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ዩኒቨርሲቲ መግባቷ ነው» አለኝ። ሌላ ምንም አልተባባልንም። የሚመጣው ዲሴምበር አራታችንም አንድ ቦታ እንሄዳለን ብለን ቆረጥን። አምና የሄድነው በዚህ ምክንያት ነው። ዘንድሮ እናንተም እንድትሄዱ፣ እኔ የሠራሁትን ስሕተት ደግሞ እንዳትደግሙ ብዬ ይህን ጻፍኩላችሁ።

ለምን ፏፏቴ? ለምንስ በብርድ?

«ክረምት» የሚለው ቃል እዚህ አገር ያምታታናል። በአገራችን ክረምት ማለት ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ ነው፤ ዝናብ ነው። ታኅሣሥና ጥር በጋ ነው፤ ፀሐይ ነው። እዚህ ግን ዊንተሩን ክረምት ብለን እንጠራዋለን። ፏፏቴ ለማየት ለሚነሳ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። እኔ ራሴ ተሸውጄበታለሁ።

የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ጢስ ዓባይ ከከተማው የሚርቀው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ግን ልጅ ሆኜ አንድም ቀን አላየሁትም። ትምህርት ቤታችን ሊወስደን ሲል ለመኪና የተጠየቀውን ገንዘብ እናቴ አልነበራትም፤ ቀረሁ። ስለዚህ ጢስ ዓባይን የማውቀው እንደማንኛውም ሰው በድሮው የ1 ብር ኖት ጀርባ ላይ ነበር። ታስታውሱታላችሁ አይደል? ፊቱ ላይ ልጁ፣ ጀርባው ላይ ፏፏቴውና ወፎቹ።

ከ10 ዓመት በፊት ለጥምቀት አገር ቤት ስንገባ ትልቋ ልጄ 7 ዓመቷ ነበር። ከለንደን ጀምሬ «ጢስ የሚመስል ውኃ አሳይሻለሁ» እያልኩ ሳጓጓት ነው የከረምኩት። ደረስን። ገደሉ አለ፣ አለቱ አለ፤ ውኃው ግን በአንድ ጥግ በኩል ቀጭን ሆኖ ይወርዳል። ልጄ ግራ ቀኙን አየችና «ማሚ፣ የታለ?» አለችኝ። ምን ልመልስላት? አፈርኩ።

ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። ጢስ ዓባይ ከፍታው ከ40 ሜትር በላይ ነው፤ ሲሞላ ደግሞ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። ሙሉውን ማየት የሚፈልግ ሰው ግን ክረምቱ ሊወጣ ሲል ወይም እንደወጣ፣ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ መሄድ አለበት። በጥር ውኃው ይቀንሳል። በዚያ ላይ ከዓባይ ውኃ መብራት ይመነጫል። የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ በ1964፣ ሁለተኛው በ2001 ሥራ ጀመሩ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ2010 ደግሞ ጣና በለስ ተከፈተና ከጣና ሐይቅ የሚወስደውን ውኃ ወደ በለስ ወንዝ መልቀቅ ጀመረ። ለአገር መብራት ሆኗል፤ በዚህ አልከፋም። ልጄ ግን ያየችው የተረፈውን ነው። ዛሬማ ወደዚያ መሄድ እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። ሰላሙን ያምጣልን።

እዚህ አገር ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ዌልስ ውስጥ ዝናቡ የሚበረታው በበልግ መጨረሻና በዊንተር ነው፤ ከኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ። በጁላይ ክር የሚያክል የነበረ ጅረት በዲሴምበር ያገሳል። ቅጠሉ ስለረገፈ ውኃው በዛፎቹ መሐል ከሩቅ ይታያል። ሰዉም ይቀንሳል። እኛ ቤት ቁጭ ብለን ሂተር ታቅፈን የምናማርርበት ወቅት፣ ለፏፏቴ ዋናው ወቅት ነው ማለት ነው።

የት ነው የሄድነው?

ደቡብ ዌልስ ውስጥ ብሬኮን ቢከንስ የሚባል ብሔራዊ ፓርክ አለ። የተቋቋመው በ1957 ነው። ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ በዌልስኛ ስሙ ብቻ «ባናይ ብረኻይንዮግ» እንዲባል ተወስኗል። መሐሉ ላይ ያለችውን «ኻ» እንግሊዞቹ አይችሏትም፤ ለኛ ግን ምንም አትከብድም። ከፓርኩ በስተደቡብ፣ ፖንትኔዝቬኻን እና ኧስትራድቬልቴ በሚባሉ ሁለት መንደሮች መካከል ያለው አካባቢ «የፏፏቴ አገር» ይባላል። ወንዞቹ በጠባብ ገደልና በጫካ ውስጥ ሲወርዱ አንዱን ፏፏቴ ሳትጨርሱ ሌላው ይመጣል።

ከሁሉም የታወቀው አራት ፏፏቴዎችን በአንድ ዙር የሚያሳየው የእግር መንገድ ነው። ስልካችሁ ላይ በእንግሊዝኛ «ፎር ዎተርፎልስ ዎክ» ብላችሁ ብትፈልጉ ይወጣላችኋል። ዙሩ 8 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይፈጃል። ሦስቱ ፏፏቴዎች ሜልቴ በሚባል ወንዝ ላይ ናቸው። አራተኛው ሄፕስቴ በሚባለው ወንዝ ላይ ነው፤ እሱም «ስጉድ ኧር ኤይራ» ይባላል። «ስጉድ» በአካባቢው ቋንቋ ፏፏቴ ነው፤ «ኤይራ» በረዶ። የበረዶ ፏፏቴ ማለት ነው። የኛ ሰዎች ሲበተን አይተው ጢስ አሉት፣ የዌልስ ሰዎች ነጭነቱን አይተው በረዶ አሉት።

ይህኛው ፏፏቴ ልዩ የሚያደርገው ከበስተኋላው ሰው ያስኬዳል። ከላይ ያለው አለት ጠንካራ ነው፤ ከሥሩ ያለው ደግሞ ለስላሳ። ውኃው ለስላሳውን ቀስ በቀስ ሲበላው ጠንካራው እንደ ጣሪያ ወጥቶ ይቀራል። ውኃው ከጣሪያው ላይ ዘሎ ይወድቃል፤ ሰው በመሐል ያልፋል። ድሮ ገበሬዎች በጎቻቸውን በዚያ በኩል ያሻግሩ ነበር ይባላል።

«አረፍ» የሚለው መንገድ

አምና ዲሴምበር 25፣ 26 እና 27 ሬስቶራንቱን ዘጋን። 25ን ቤት አሳለፍን። ዕቅዱ በ26 ከጠዋቱ 7 ሰዓት ላይ ከሰሜን ለንደን መነሳት ነበር (ሰዓቱን የምጽፈው እዚህ አገር በሚቆጠረው ነው)።

በ7 አልተነሳንም። ለምን? ሊጥ። በ28 የሚጋገረውን ሊጥ ሳላቦካ ብሄድ ደንበኛ በ28 እንጀራ አያገኝም። ከቤት ወደ ሬስቶራንት ሄድኩ፣ አቦካሁ። እዚያው እያለሁ ፍሪዘሩን ልይ አልኩ። ከዚያ የጀርባውን በር። ከዚያ ጋዙን እንደገና። ባለቤቴ መኪና ውስጥ ሆኖ ክላክስ ያደርጋል። ስንነሳ 9 ሰዓት ከ45 ሆኗል። ይህችን ሰዓት ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

መንገዱ ቀላል ነው። ኤም 4ን ይዛችሁ ወደ ምዕራብ ነው፤ ሬዲንግን፣ ስዊንደንን አልፋችሁ ሰቨርን ላይ ያለውን የፕሪንስ ኦፍ ዌልስ ድልድይ ትሻገራላችሁ። ድሮ ድልድዩ ላይ ይከፈል ነበር፤ በዲሴምበር 2018 ቀርቷል። ከዚያ በመውጫ 43 ወጥታችሁ ኤ465ን ይዛችሁ ወደ ግሊንኒዝ። ትራፊክ ከሌለ ሦስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው።

ዌልስ ስትገቡ ምልክቱ ሁሉ በሁለት ቋንቋ ነው። ትናንሾቹ መንገዶች ላይ ደግሞ አስፋልቱ ላይ በትልቁ አንድ ቃል ተጽፏል። ልጄ አነበበው፦ «አራፍ»። «ማሚ፣ አረፍ ይላል!» መኪናው በሳቅ ተሞላ። በዌልስኛ «ቀስ በል» ማለት ነው አሉ። ለኛ ግን ትርጉም አያስፈልገውም። በየኩርባው መንገዱ ራሱ አረፍ በይ እያለኝ ነበር፤ እኔ ግን ስለ ሊጡ እያሰብኩ ነው።

የመጀመሪያው ቀን

ግዋይን ሄፕስቴ ከሚባለው ፓርኪንግ ስንደርስ 1 ሰዓት ተኩል አልፏል። ልጄ ስልኳን አየችና «ፀሐይ የምትጠልቀው 4 ሰዓት ከ8 ላይ ነው። 3 ሰዓት ላይ የትም ብንሆን እንመለሳለን» አለች። ሁላችንም እሺ አልን። እኔም እሺ ብያለሁ፤ አልክድም።

ጫካው ውስጥ ስትገቡ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ድምፁ ነው። ውኃው ሳይታያችሁ ከታች ይጮሃል። ድንጋዩና የዛፉ ግንድ ሁሉ አረንጓዴ ምንጣፍ የለበሰ ይመስላል። መጀመሪያ ያገኘነው ስጉድ ክሊን ግዊን ነው፤ ወንዙ በአንዴ ተቆርጦ ወደ ገደሉ ይጥለዋል። ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ታብሌቱን የረሳው እዚያ ነው። ከዚያ በቁልቁለቱ ወርደን የታችኛውን ክሊን ግዊንና ስጉድ ኧ ፓኑርን አየን። ቁልቁለቱ ጭቃ ነው። ያደረግሁት ቡት የፋሽን ነው፤ ሶሉ እንደ ሳህን ለስላሳ። ሁለት ጊዜ በቂጤ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ መሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ሲያዞር አይቼዋለሁ።

ዳገቱን ወጥተን መንገዱ ከሚከፈልበት ምልክት ጋር ስንደርስ 3 ሰዓት ከ25 ነበር። ምልክቱ በቀስት ያሳያል፤ ወደዚያ ስጉድ ኧር ኤይራ፣ ወደዚህ ፓርኪንግ። ልጄ ወደ ፓርኪንጉ መሄድ ጀመረች።

«የት ነው?» አልኳት።

«ማሚ፣ 3 ሰዓት አልፏል እኮ።»

«ዋናው እኮ ያ ነው! ለሱ ብለን መጥተን? ትንሽ ነው የቀረው።»

«ደረጃው ብዙ ነው። ስንወርድ ይጨልማል። ስንወጣ ደግሞ ምንም አይታይም። የኔ ስልክ 20 ፐርሰንት ነው፣ ኔትወርክም የለም።»

ውድ አንባቢያን፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ተናደድኩ። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው» አልኩ። «አንድ ቀን እንኳ ሙሉውን ላሳያችሁ ብል...» ድምፄ ተቆረጠ። እሷ ስለ ጢስ ዓባይ እያሰብኩ መሆኔን የምታውቅ አልመሰለኝም ነበር። መጥታ ክንዴን ያዘችና በአማርኛ «ነገ ጠዋት እንመጣለን። የትም አይሄድም» አለችኝ። ባለቤቴ ምንም ሳይናገር ትንሹን ይዞ ከኋላዋ ተከተለ። እኔም ተከተልኩ፤ እያጉረመረምኩ።

ፓርኪንጉ ስንደርስ 4 ሰዓት አልፏል። ሜዳው ላይ ገና ብርሃን አለ፤ የወጣንበት ጫካ ውስጥ ግን የራሴን ጫማ ማየት አቅቶኝ ነበር። መንገዱን የምናውቀውን እንኳን የስልክ መብራት አስፈልጎናል። ወደ ታች ወርደን ቢሆን ኖሮ፣ በዚያ ቡት፣ ልጅ ይዤ፣ ኔትወርክ በሌለበት... ማታ መርተር ቲድፊል ከተማ በያዝነው ሆቴል አልጋ ላይ ሆኜ ሳስበው ነው የቀዘቀዝኩት። ባሎቻችን ሲያዙን እንከራከራለን፣ ሐኪም ሲያዘንም እንከራከራለን፤ የ17 ዓመት ልጅ ልክ ስትሆን ግን ልክ ናት።

ያን ቀን የቀረብን ነገር የቀረው በውኃው አይደለም። ጠዋት ያባከንኩት ሁለት ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው።

ሁለተኛው ቀን

በማግስቱ ገና ሲነጋ ተነሳን። ሌሊቱን አልዘነበም። ከጠዋቱ 9 ሰዓት ላይ ከዚያው ፓርኪንግ ተነስተን በቀጥታ ወደ ስጉድ ኧር ኤይራ ሄድን። ደረጃው እውነትም ረጅምና ቀጥ ያለ ነው፤ እርጥብ ነው። በብርሃን ግን ቀስ እያልን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን ወረድን።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት ልንገራችሁ? ውኃው እንደ ነጠላ ከአለቱ ላይ ተዘርግቶ ይወርዳል። ቀስ ብለን፣ እጃችንን ግድግዳው ላይ አድርገን ከበስተኋላው ገባን። ከዚያ ሆናችሁ ዓለምን የምታዩት በውኃ መጋረጃ ነው። መነጋገር አይቻልም። ልጄ አፉን ከፍቶ ይጮሃል፤ ድምፁ አይሰማም። ባለቤቴ መነጽሩን አስር ጊዜ ይጠርጋል።

ትልቋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ እየጮኸች «ያኔ ልታሳዪኝ የፈለግሽው ይሄን ነበር?» አለችኝ። ለካ አልረሳችውም። እንደዚያ ቆመን እንደነበር፣ ያለችኝንም፣ ያፈርኩትንም ሁሉ ታስታውሳለች።

«የኛው ይበልጣል!» አልኳት።

ሳቀች። «ታዲያ በወቅቱ ውሰጂኛ!»

ፊቴ እርጥብ ስለነበር ማልቀሴን ማንም አላወቀብኝም።

ስንወጣ መኪናው ጋ ቆመን በላን። የነቢያት ጾም ስለነበር የያዝኩት ሁሉ የጾም ነው፦ የድርቆሽ ፍርፍር በምሳ ዕቃ፣ የስንዴ ዳቦ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በፔርሙዝ የዝንጅብል ሻይ። ውሻ ይዘው የሚያልፉ አንድ ሽማግሌና አሮጊት ሽታው ስቧቸው ቆሙ። ዳቦ ቆሎ ዘገንኩላቸው። ሰውዬው እየቆረጠመ ለውሻውም አካፈለው። ሬስቶራንቴ ውስጥ እንኳ እንደዚያ ተጣጥሞ የተበላ ምግብ አላስታውስም።

ወደ ለንደን ከመመለሳችን በፊት ሄንሪድ ወደሚባለው ፏፏቴ ጎራ አልን። ኮይልብረን ከሚባል መንደር አጠገብ ነው፤ የናሽናል ትረስት ነው። በአንድ ጊዜ 27 ሜትር ይወርዳል፤ በደቡብ ዌልስ ከፍተኛው እሱ ነው። በ2012 የወጣው የባትማን ፊልም ላይ የዋሻው መግቢያ ሆኖ የታየው ይኸው ቦታ ነው። ልጄ ይህን ሲሰማ ሌላውን ፏፏቴ ሁሉ ረሳው። ከፓርኪንጉ ብዙ አይርቅም፤ ቁልቁለቱ ግን ሲመለስ ዳገት መሆኑን አትርሱ።

እናንተ ስትሄዱ

ሰዓት፦ ከሁሉም በላይ ይህን ያዙ። በዲሴምበር መጨረሻ 4 ሰዓት አለፍ ሲል ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ጫካ ውስጥ ደግሞ ቀድሞ ይጨልማል። ከመኪና ሳትወርዱ የመመለሻ ሰዓት ቁረጡ። ሰዓቱ ሲደርስ፣ ፏፏቴው ጥግ ላይ ቢሆንም፣ ተመለሱ። ለአራቱም ፏፏቴዎች ከጠዋቱ 10 ሰዓት በፊት መንገድ መጀመር ጥሩ ነው። አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ አራቱን ለማዳረስ አትሩጡ፤ ሁለቱን በደንብ እዩ።

ጫማ፦ ጭቃና እርጥብ ድንጋይ የሚይዝ፣ ሶሉ ጥርስ ያለው ቡት። እንደ ዲካትሎን ባሉ ሱቆች በርካሽ ይገኛል። ስኒከርና የፋሽን ቡት ቤት ይቅር።

ልብስ፦ ውኃ የማያስገባ ጃኬት፣ ከሥሩ ሁለት ሦስት ስስ ልብስ። ጂንስ ከረጠበ አይደርቅም። ለልጆች ሙሉ ቅያሪና ካልሲ መኪና ውስጥ ይቀመጥ፤ ከፏፏቴው ኋላ ከገባችሁ መርጠባችሁ አይቀርም።

የአየር ሁኔታ፦ ከመነሳታችሁ በፊት ሜት ኦፊስን እዩ። ማስጠንቀቂያ ከወጣ ይቅርባችሁ። ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ወይም ውርጭ አለቱን ባጋገረበት ጠዋት ከፏፏቴው በስተኋላ አትግቡ፤ ከፊት ለፊት ሆናችሁ እዩት። ለፎቶ ብላችሁ የወንዙ ጠርዝ ላይ አትውጡ፣ ምልክት ከተተከለለት መንገድም አትልቀቁ። ትንንሽ ልጆችን እጃቸውን ያዙ።

ስልክና መብራት፦ ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ የለም ማለት ይቻላል። ካርታውን ቤት ሆናችሁ ዳውንሎድ አድርጉ፣ ስልካችሁን ሙሉ፣ የእጅ ባትሪ ያዙ። የት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ንገሩ። አደጋ ቢደርስ 999 ደውላችሁ መጀመሪያ ፖሊስ፣ ቀጥሎ «ማውንቴን ረስኪው» በሉ። የሚመጡት ሰዎች ቤታቸውን ትተው የሚወጡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በገና ሰሞን ከምግባቸው ላይ አታስነሷቸው።

ገንዘብ፦ ፏፏቴውን ማየት በነፃ ነው። ፓርኪንግ ይከፈላል፤ ካርድም ሳንቲምም ያዙ። እኛ ለአንድ ሌሊት ለአራት ሰው አንድ የቤተሰብ ክፍል ቀደም ብለን ይዘን ከ60 ፓውንድ በታች ከፈልን። ምግብ ከቤት ከያዛችሁ የሚቀረው ነዳጅ ብቻ ነው።

መኪና ለሌላችሁ፣ እናትና አባት ይዛችሁ ለምትሄዱ

ከፓዲንግተን ወደ ስዋንዚ የሚሄደው ባቡር ኒዝ የምትባል ከተማ ይቆማል። ከዚያ ወደ መንደሮቹ በአውቶቡስ ወይም በታክሲ ነው፤ አውቶቡሱ እንደ ለንደን ስለማይመላለስ ሰዓቱን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ዲሴምበር 25 ባቡር የለም፤ 26ም እንደሌለ ቁጠሩት። ስለዚህ በባቡር የምትሄዱ ከ27 በኋላ አድርጉት።

አገር ቤት የመጡ ወላጆች ካሏችሁ፣ ደረጃ መውረድ ለማይችሉ ከፖንትኔዝቬኻን መንደር የሚነሳውን ኤሊዲር የሚባል መንገድ ሞክሩ። ወንዙን ይዞ ይሄዳል፣ ብዙ ዳገት የለውም፤ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ ስጉድ ግላዲስን ታያላችሁ። ዊንተሩን ሙሉ በመስኮት ዝናብ ስታይ ለከረመች እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዌልስ ድረስ መሄድ ጨርሶ ካልተመቻችሁ ደግሞ፣ ከዋተርሉ በባቡር ቀጥታ ቨርጂኒያ ዋተር ሂዱ። ዊንድሰር ግሬት ፓርክ ውስጥ ካለው ሐይቅ ጫፍ ላይ በሰው እጅ የተሠራ ፏፏቴ አለ። ትንሽ ነው፤ ግን ዝናብ ከጣለ በኋላ ይጮሃል፣ ለሻይ መጠጫም ይበቃል። ከጆንያ ይሻላል።

በመጨረሻ

ልጄ በሴፕቴምበር ዩኒቨርሲቲ ገባች። ክፍሏ ባዶ ነው። ትንሹ በጃንዋሪ ለትምህርት ቤት የሣለው ሥዕል ላይ ነጭ ውኃ፣ ከውኃው ጀርባ አራት ሰው አለ። አንደኛዋ በጣም ወፍራም ሆና ተሥላለች፤ እኔ ነኝ መሰለኝ። ፍሬም አድርጌ ካሸሩ በላይ ሰቅዬዋለሁ። ደንበኛ ሁሉ ምንድን ነው ይለኛል፤ ስለ ፏፏቴው እነግረዋለሁ፣ ምግቡ እስኪቀርብ ድረስ።

ባለፈው ሳምንት ደወለች። «ማሚ፣ ዘንድሮስ?» አለችኝ። ዘንድሮም በ26 እንሄዳለን። «ስንት ሰዓት ነው የምንነሳው?» ብላ አፋጠጠችኝ። በ7 አልኳት። ዝም አለች፤ አላመነችኝም።

ዘንድሮ ሊጡን የማቦካው በ25 ማታ ነው።